ወፍ የሚያስር መጽሐፍ

«በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ብለህ ፎክረህ ጥቅምትንም ኅዳርንም በአንድ መጽሐፍ ጨረስክ፤ ምነው፣ ዐይንህን አሞህ ነው?» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ የብሎጌ ተከታታዮች ሁሉ፣ መልሱ በአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ላውጋችሁ። ዐይኔ ደህና ነው። የታመመው ጉሮሮዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቀን ቢሮ የምውል፣ ማታ ማታ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት ብሎግ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። መስከረም ሲጠባ የማይፎክር የለምና እኔም ፎከርኩ። የንባብ ቻሌንጅ አወጅኩ። እስከ ገና ድረስ በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ይነበባል፤ እሑድ ማታ ስለ መጽሐፉ ይጻፋል፤ ከጽሑፉም ጋር መጽሐፉ ከማኪያቶ አጠገብ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ይለጠፋል። ማኪያቶው ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሁሉም እንዲያ ስለሚያደርግ ነው። ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ሰበብ የለም!» ብዬ ጻፍኩበት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

መስከረም ሳያልቅ አክስቴ ዘምዘም ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ካለው መንደሯ ደወለች። አክስቴ ስልክ ላይ ሰላምታ አታበዛም።

«ከማማው ስወርድ እግሬ ተሰበረ። ማሽላው እሸት ይዟል። ግሪሳው መጥቷል። አንተ የዓመት ፈቃድህን ውጣ።»

ሦስት ዜና፣ አንድ ትእዛዝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አንዲት ልጇ ጅዳ ናት። እንግዲህ ማን ቀረ? የተጠራቀመ ፈቃዴን ሁሉ ወጣሁ።

ሻንጣዬን ስሸክፍ ግን ልቤ ውስጥ ሌላ ስሌት ነበር። ማሽላ መጠበቅ ማለት ምንድን ነው? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ መዋል ነው። ቁጭ ብሎ መዋል ማለት ደግሞ ማንበብ ማለት ነው። ደመወዝ እየበሉ፣ ከአለቃ ርቀው፣ ለምለም እያዩ ማንበብ! አላህ ለአንባቢ ሲያዝን እንዲህ ነው ብዬ ሁለት ሸሚዝና አንድ ጆንያ መጽሐፍ ይዤ ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ። የባጃጁ ሹፌር ጆንያዬን ሊያነሳ ሲታገል «ስኳር ነው?» አለኝ። መጽሐፍ ነው ስለው አዘነ።

በአስፋልቱ ወደ ጀውሃ ትንሽ እንደ ሄድን ወደ ቀኝ ታጥፈን መንደሩ ገባን። አክስቴ በሯ ላይ ካለው መደብ ላይ፣ እግሯን ወጌሻው በቀርከሃ አስሮላት፣ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች። ስማኝ ሳትጨርስ ወደ ማሳው አመለከተችኝ።

«ያቺን ታያለህ? የዓመቴ እንጀራ እሷው ናት። አንዲት ፍሬ ብትጎድል ከጉሮሮህ ነው የማወጣት፣ ወላሂ!»

ማማው አራት እንጨት ላይ የቆመ፣ ሳር የለበሰ፣ አንድ ሰው እግሩን አጥፎ የሚቀመጥበት ነገር ነው። ስወጣበት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንጫጫ። ለካ በመንደሩ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው! ከደስታዬ ብዛት ከጆንያው ውስጥ ወፍራሙን ልቦለድ መዝዤ ፎቶ አነሳሁና ለጠፍኩ። ማኪያቶ ስላልነበረ ከአንድ ጥንቅሽ አገዳ ጋር ነው ያነሳሁት። ከዚያ ገጽ አንድን ገለጥኩ።

ስንት ገጽ እንደ ሄድኩ እንጃ፣ ከምሥራቅ በኩል ድምፅ መጣ። ከአክስቴ ማሳ በስተምሥራቅ የጋሼ ሙሄ፣ በስተምዕራብ የእትዬ ሎሚ ማሳ ነው። ሁለቱም በየማማቸው ላይ ናቸው። ጋሼ ሙሄ በጩኸታቸው የታወቁ ሰው ናቸው፤ አንዴ «ሃይ!» ካሉ ግሪሳው ጀውሃ ደርሶ ነው ዞር ብሎ የሚያየው ይባልላቸዋል።

«አንተ የዘምዘም ልጅ! ተኝተሃል ወይስ ሞተሃል? ወፉ እኮ ምሳውን ጨርሶ መክሰስ ጀመረ!»

ቀና ስል ማሽላው ላይ ማሽላ የማይመስል ነገር ሰፍሯል። ደንግጬ ወንጭፉን አነሳሁ። ወንጭፍ በልጅነቴ ያየሁት ነገር ነው፤ ማየትና መወርወር ለየቅል መሆኑን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው። ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ሄዶ እትዬ ሎሚ ለወፍ ማባረሪያ የሰቀሉትን ቆርቆሮ አንኳኳው።

«በማርያም ልጄ፣ ወፉ ወዲያ ነው!» አሉ እትዬ ሎሚ፣ አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

ወንጭፉን ትቼ ወደ ጩኸት ዞርኩ። ሃይ እላለሁ፣ አንድ መስመር አነባለሁ። ሃይ እላለሁ፣ የት እንደ ደረስኩ ይጠፋኛል፤ ያንኑ መስመር እንደገና አነባለሁ። ሲመሽ ድምፄ ተዘግቶ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሳልወጣ፣ የተበላውን የማሽላ ራስ አክስቴ ሳታየው ከአገዳው በስተጀርባ ለመደበቅ ስሞክር ተያዝኩ። ራት ሰጠችኝ፤ ፊት ግን ነሳችኝ።

እንዲህ እየሆንኩ እሑድ መጥቶ ሄደ። ያላለቀ መጽሐፍ ምን ተብሎ ይጻፍበታል? «ሰበብ የለም አላልክም?» የሚል አስተያየት መጣ፤ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተሰልፈዋል።

መላው የመጣው ሳላስበው ነው። ልቦለዱ ስለ አንዲት የሺ ስለምትባል ልጃገረድ ነው። እጮኛዋ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት ይዞ እንደ ወጣ ወሬው ጠፍቷል። አባትየው ደግሞ ሳይጠይቃት ለመንደሩ ባለወፍጮ ሊድራት ቃል ገብቷል። አንድ ቀን ጠዋት እዚያ ቦታ ስደርስ ደሜ ፈላና የልጅቱን መልስ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላገባውም!»

ግሪሳው እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ቀጥዬ የአባትየውን ስድብ አነበብኩ፤ ሊያርፍ የነበረው ሁለተኛው መንጋ ሐሳቡን ቀየረ። በአላህ! ሃይ ማለትና ማንበብ አንድ ላይ! አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚሉት ይኼ ነው፤ በወንጭፍ አንድም መትቼ የማላውቅ ሰው በልቦለድ መንጋ አባረርኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መጽሐፌን ገልጬ በጉሮሮዬ ሙሉ ማንበብ ሆነ ሥራዬ። አንዱን አንቀጽ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ። የማሽላዬ ራስ አልተነካም። አክስቴ ማታ ማታ ወተት ትጨምርልኝ ጀመር።

አንድ ረፋድ ላይ ጋሼ ሙሄ ከማማቸው ተጣሩ።

«አንተ ልጅ! ማን ነው የሚሞተው?»

«የሺ ናት ጋሼ!»

«የሺ የማን ናት?»

መጽሐፍ ውስጥ ያለች ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው። «ታዲያ ባለወፍጮው ምን አድርጓት ነው?» አሉኝ። «ወፍጮ ያለው ሰው ይጠላል እንዴ?»

«እርስዎ ደግሞ!» አሉ እትዬ ሎሚ ከወዲያ ማዶ። «አባቷ ተጠየቀ፣ ባለወፍጮው ተጠየቀ፤ እሷን ማን ጠየቃት? በል ልጄ አንብብ።»

እንግዲህ አነበብኩ። ሳል ሲይዘኝ «ውሃ ጠጣ!» ይሉኛል። ነፋስ አንድ ዐረፍተ ነገር ከወሰደ «ድገመው!» ይሉኛል። ጮክ ብሎ ማንበብ እንደ ዐይን ንባብ አይሮጥም፤ በዚያ ላይ በየምዕራፉ መጨረሻ ጋሼ ሙሄና እትዬ ሎሚ በኔ ራስ ላይ ስለሚከራከሩ ቀኑን ሙሉ የምንሄደው ጥቂት ነው። ሌላ እሑድ አለፈ፤ ከዚያም ሌላ። ስልኬ ይንጫጫል። ተከታታዮቼ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ብሎግ እየፈለሱ ነው። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብሎግ ስጽፍ ማንም «ውሃ ጠጣ» ብሎኝ አያውቅም።

ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። እኔ ሳነብ እነሱ ያዳምጣሉ። የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። ዝም ያለ ጠባቂ ላለው ማሳ ግሪሳ ምን እንደሚሆን ይገባችኋል።

የሠርጉ ዋዜማ የሚተረክበት ምዕራፍ ላይ የደረስን ቀን ነው ጉዱ የፈላው። የሺ እጇን ሂና እየቀቡላት፣ ከሩቅ የመኪና ጡሩምባ ትሰማለች። የሹፌሩ ነው? አይደለም? እኔ መጽሐፉ ውስጥ አፍንጫዬን ቀብሬያለሁ፤ ጋሼ ሙሄ ወንጭፋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ረስተውታል፤ እትዬ ሎሚ ነጠላቸውን ነክሰዋል። ከኔ ድምፅ የሸሸው ግሪሳ ሁሉ ግራና ቀኝ ተካፍሎ በሰላም ሲበላ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀና አልን። የአክስቴ ማሽላ እንደ ሙሽራ ቆሟል። የሁለቱ ግን ዳር ዳሩ ባዶ አገዳ ሆኗል።

እትዬ ሎሚ አንድ ጊዜ ደረታቸውን መቱና «በሠራሁት ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። የጋሼ ሙሄ ግን ከበደ። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ማሳውን ሊያዩ መጡ። ማሽላውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። «ጩኸቱ የት ሄዶ ነው?» አሉ። እንግዲህ ጀውሃ ድረስ ወፍ የሚያባርሩ ሰው፣ ሽበታሙ ጋሼ ሙሄ፣ የሙሽራ ወሬ ሲሰሙ ማሽላቸውን አስበሉ ይባል? አፋቸው ላይ የመጣውን ተናገሩ።

«ያ ልጅ ደገመብን። አፌ ተያዘ።»

እውነቱን ለመናገር ግማሹ ልክ ነው፤ አፋቸው ተይዟል። ነገር ግን በእኛ አገር ወፍ በድግምት የሚያስር፣ ግሪሳ ከራሱ ማሳ አንስቶ ወደ ጎረቤት የሚነዳ ሰው አለ እየተባለ ሲወራ ነው የኖረው። ማስረጃውን ደግሞ አስቡት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴ ወደ ምሥራቅ አንዴ ወደ ምዕራብ እየዞረ ይደግማል። የሱ ማሽላ አልተነካም፣ የጎረቤቶቹ ተበላ። እኔም ብሆን ራሴን እከስ ነበር።

ወሬው ከኔ ቀድሞ መንደሩን ዞረ። ያ የባጃጅ ሹፌር ሲያገኘኝ «ለካ ስኳር አልነበረም» ብሎ አለፈኝ። ከጀውሃ አቅጣጫ አንድ ሰው ዶሮ ታቅፎ መጣና ከማማው ሥር ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ። «ከአጥሩ ወዲህ ያለው የኔ ማሳ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የአማቼ ነው። ወዲያ ወዲያ በልልኝ።» ልቦለድ መሆኑን ባስረዳው ዶሮዋ አነሰችው ብሎ ቅር ብሎት ሄደ።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር። ሳቄ የጠፋው ቤት ስገባ ነው። ለአክስቴ ውሃ የሚያመጡላት ጎረቤቶች ጀሪካኗን ሳያነሱ አልፈዋል። «እንዴት አደርሽ ዘምዘም» ሳትባል የዋለችበት ቀን አልነበረም፤ ያን ቀን ዋለች። መደቡ ላይ ተቀምጣ የታሰረ እግሯን ታያለች።

«ማሽላዬንስ አዳንክልኝ፤ አብሽር» አለችኝ። «ማን ያጭድልኛል ግን? በዚህ እግሬ? እኔ እኮ የሁሉም ደቦ ላይ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎረቤት ከጨከነ ማሽላው ቢደርስ ምን ሊረባኝ ነው።»

ድምፅዋ ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ አዘንኩ። መጽሐፉን ጆንያው ሥር ቀበርኩት።

ሽማግሌ ተጠራ። ወፉም ሰውም ጥላ በሚፈልግበት በቀትር፣ ከመስጊዱ ማዶ ባለው ትልቅ ግራር ሥር ተሰበሰብን። ሼህ ሰይድ መሐል ተቀምጠዋል፤ ድግምት ያውቃሉ ተብለው የወዲያኛው መንደር ቄስም ተጠርተዋል። አክስቴ በባጃጅ መጣች። መጽሐፉ ቀረበ። ሼህ ሰይድ በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው «ዓረብኛ የለበትም» አሉ። ቄሱ ተቀብለው ከፀሐይ አስጠግተው አዩት። «ግዕዝም የለበትም፤ ቀይ ቀለምም የለበትም» አሉና ሽፋኑ ላይ ያለችውን ቆንጆ ትንሽ ቆየት ብለው አይተው መለሱት።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትደግመው?» አሉኝ ሼህ ሰይድ።

ጋሼ ሙሄ ቀና ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት አሁንም አይረሳኝም። «አትናገርብኝ» የሚል የአባት ዐይን ነበር። ከጎናቸው እትዬ ከድጃ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ተረት ሲሰሙ ነው ያስበሉት ብል እኔም አክስቴም ነፃ ነን። ሽማግሌው ግን ከእንግዲህ በየትኛው አፋቸው ወፍ ያባርራሉ? እትዬ ሎሚም እንደኔው ጨንቋቸው መሰለኝ መሬት መሬት ያያሉ።

«ከምናገር ባነበው አይሻልም?» አልኩ።

ተፈቀደልኝ። የሠርጉን ጠዋት ገለጥኩ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ የሚያየኝ ከአፌ እባብ ይወጣል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። ሙሽራዋን ሊያለብሷት ሲታገሉ ግን ሴቶቹ ጠጋ አሉ። አባትየው በሩን ሲቆልፍ አንዱ «ኧረ እግዜር ይይለት!» አለ። የሼህ ሰይድ መቁጠሪያ፣ ሙሰባው፣ አንዷ ፍሬ ላይ ቆሞ ቀረ። እትዬ ከድጃ የታጠፈ እጃቸው ተፈትቶ፣ እየተንፏቀቁ መጥተው እግሬ ሥር ተቀምጠዋል። ጥላው ከግራሩ ሥር ወጥቶ ረዝሟል፤ ማንም ልብ አላለውም።

«ወፉ!» አሉ እትዬ ሎሚ ድንገት። «በማርያም ወፉ!»

ግሪሳው ሰማዩን አጥቁሮ እየወረደ ነው። ማማ ላይ አንድም ሰው የለም፤ መንደሩ በሙሉ እዚህ የሺን ሲድር ነው። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሮጠ። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሼህ ሰይድ ጫማቸውን ትተው። እትዬ ከድጃ ሩጫቸውን ገታ አድርገው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ቆይ፣ አገባችው?»

ያን ጊዜ ጋሼ ሙሄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን አቅንተው፣ ለሚስታቸውም ለመንደሩም እንዲሰማ ጮኹ። «ይኸው! አፍ ይይዛል አላልኩም?»

ያን ዕለት የሁሉም ማሳ እኩል ተቀመሰ፤ የአክስቴም ጭምር። ሁሉም ስለተበላበት ማን ማንን ይክሰስ? ማታ ሼህ ሰይድ ጫማቸውን ሲፈልጉ መጥተው፣ ገና እያለከለኩ ፈረዱ። ድግምት አይደለም። ነገር ግን ወፍ በሚበላበት ሰዓት እንዳይነበብ። በቀትር ብቻ፣ ግራሩ ሥር ይነበብ። የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በዘምዘም አጨዳ ቀን ይነበባል፤ መስማት የፈለገ ማጭዱን ይዞ ይምጣ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ በር ላይ የሞላ ጀሪካን አገኘን። ያመጡት እትዬ ከድጃ ናቸው። ሰላም ብለው፣ እግሯን ጠይቀው፣ ሊሄዱ ሲሉ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያመለጣቸውን በአጭሩ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። አጭር አልሆነም።

የደቦው ቀን እሑድ ነበር፤ የቻሌንጁም ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። እንደዚያ ያለ ደቦ አይቼ አላውቅም። ማሳው ማጭድ ከመብዛቱ የተነሳ ጠበበ። ጋሼ ሙሄ ግንባር ቀደም ሆነው ያጭዳሉ፤ አንድ ረድፍ በጨረሱ ቁጥር «ባለወፍጮው ካላሸነፈ ያጨድኩትን መልሼ ነው የምተክለው» ይላሉ። አክስቴ ከማሳው ዳር ባለ ግራር ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ሆና ታያለች፤ ማን እንደ መጣ በዐይኗ ትለቅማለች፤ የቀረ አልነበረም። ፊቷን ዞር አድርጋ በሻሽዋ ጫፍ ዐይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

ከዳር አንዲት ቁራሽ ማሽላ ስትቀር ሰዉ «በቃ፣ ይነበብ!» ብሎ ተቀመጠ። አነበብኩ። የሺ ከተቆለፈው ቤት በመስኮት ወጥታለች። መንታ መንገድ ላይ ቆማለች፤ በአንዱ በኩል ወፍጮ ቤቱ፣ በሌላው በኩል የመኪናው መብራት። እግሯን አነሳች። እኔም ገጹን ልገልጥ ጣቴን ምራቅ አስነካሁ።

ግሪሳው የቀረችው ቁራሽ ላይ ወረደ።

ንባቤን አቆምኩ። ሰው ሁሉ አክስቴን አየ። ማሽላው የሷ ነው። በየማታው የተበላ ራስ እየመረመረች ፊት የነሳችኝ ሴት ናት። ጋሼ ሙሄ ደረታቸውን ሞልተው አየር ሳቡና «ዘምዘም፣ ሃይ ልበል?» አሏት።

አክስቴ ወፎቹን አየች። እኔን አየች። መጽሐፉን አየች። ከዚያ በእጇ የወፉን ነገር ወደ ኋላ ጣል አደረገችው።

«ዝም በል ሙሄ! ይብሉ፤ እነሱም የዚሁ አገር ናቸው» አለች። «አንተ ጨርስልኝ። በየትኛው ሄደች?»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ቀጠልኩ።